ስሜን ረስታችሁት ነው?

በሚያዝያ ወር አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ አራት ኪሎ አካባቢ ባለ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አዳራሽ ለወላጆችና ለመምህራን ያደረግሁት ንግግር ነው። ያን ቀን ያልተመቻቸው ወላጆች ስለጠየቁኝ፣ እንደተናገርኩት አስቀምጬዋለሁ።

ውድ ወላጆች፣ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት (ወተመህ) አባላት፣ የሥራ ባልደረቦቼ መምህራን፣ እዚህ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣችሁ እግራችሁን የምታወዛውዙ ልጆችም፤ እንደምን አረፈዳችሁ?

አልሰማሁም። እንደምን አረፈዳችሁ?

እንዲህ ነው እንጂ! እግዚአብሔር ይመስገን።

ቅዳሜ ጠዋት ነው። አስቤዛ አለ፣ ልብስ አጠባ አለ፣ ለቅሶ የሚደርስም አለ። ያን ሁሉ ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

የመጣንበትን ጉዳይ ታውቁታላችሁ። ሰኔ ላይ የወላጆች ቀን አለን። በዚያ ቀን ልጆቹ ታለንት ሾው ያቀርባሉ። ባለፈው ስብሰባ ክርክር ተነስቶ ነበር። ግማሻችሁ "ማጣሪያ ይኑር፣ ጎበዙ ይውጣ" አላችሁ። ግማሻችሁ "ሁሉም ልጅ መድረክ ይውጣ" አላችሁ። ድምፅ ከፍ ብሎ ነበር። ቡናው ሳይቀዳ የወጡም ነበሩ።

እኔ 27 ዓመት አስተምሬያለሁ። ከዚህ ውስጥ 11ዱን ዓመት የማጣሪያ ዳኛ ሆኜ ተቀምጫለሁ። ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ከወንበሩ በዚያኛው በኩል ሆኜ ያየሁትን ነው። ሦስት ነገር እላለሁ። መጀመሪያ፣ ማጣሪያ በዚህ ዕድሜ ምን እንደሚለካ። ቀጥሎ፣ "ሁሉም ይውጣ" ስንል ምን እንደሚያጋጥም። እሱ ቀላል አይደለም፤ እኔም ወድቄበታለሁ። በመጨረሻ፣ ዘንድሮ ምን ብናደርግ እንደሚሻል።

ከመጀመሬ በፊት ግን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

በ1996 ዓ.ም. ነው። ሌላ ትምህርት ቤት ነበርኩ። የሙዚቃና ድራማ ክበብ ተጠሪ ነኝ። ለዓመቱ መዝጊያ 64 ልጆች ተመዘገቡ። ሦስት ዳኞች ጠረጴዛ ዘርግተን ተቀመጥን። ከአሥር ነጥብ እንሰጣለን። ልጁ ይገባል፣ ተራ ቁጥሩን ይናገራል፣ ያቀርባል፣ "አመሰግናለሁ፣ ቀጣይ!" እንላለን። በሁለት ከሰዓት ጨረስናቸው። 12 ልጆች አለፉ። ስማቸውን ጻፍኩና የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጠፍኩ።

በነጋታው በእረፍት ሰዓት አንዲት የሦስተኛ ክፍል ልጅ ሰሌዳው ሥር ቆማ አየኋት። በጣቷ እየተከተለች ስሞቹን ታነባለች። ከላይ ወደ ታች አነበበች። ከዚያ ከታች ወደ ላይ አነበበች። ከዚያ ወረቀቱን ገለጥ አድርጋ ከጀርባው አየች። ከጀርባው ነገር ያለ መስሏት ነው።

ስታየኝ መጣች። አላለቀሰችም። በጣም በትህትና እንዲህ አለችኝ፦ "ቲቸር፣ ስሜን ረስታችሁት ነው?"

ምን ትሉኛላችሁ? እናንተ ብትሆኑ ምን ትመልሳላችሁ?

እኔ "የሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ትሞክሪያለሽ፣ እሺ?" አልኳት። "እሺ" አለች። በሚቀጥለው ዓመት አልተመዘገበችም። ከዚያም በኋላ አልተመዘገበችም።

ከስንት ዓመት በኋላ እዚሁ አራት ኪሎ አንድ ባንክ ገባሁ። መስኮቱ ላይ የተቀመጠችው ወጣት መታወቂያዬን አየችና ቀና አለች። "ቲቸር!" ብላ ተነስታ ሳመችኝ። ደስ አለኝ። ስለ ትምህርት ቤቱ፣ ስለ መምህራኑ ተጫወትን። ልሄድ ስል ፈገግ ብላ "ቲቸር፣ እኔ እኮ 41 ቁጥር ነበርኩ" አለችኝ። ወዲያው አልገባኝም። "የማጣሪያው ጊዜ። ተራ ቁጥሬ 41 ነበር።"

እኔ ምን ያህል እንደሰጠኋት አላስታውስም። ምን እንደዘፈነችም አላስታውስም። እሷ ቁጥሯን ታስታውሳለች። በቂም አልነበረም የነገረችኝ፤ እንደ ልጅነት ጨዋታ ነው ያነሳችው። እኔ ግን ከባንኩ ወጥቼ ትንሽ ጥላ ሥር ቆሜ ነበር።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው ነጥቤ ልግባ። ማጣሪያ በዚህ ዕድሜ ምን ይለካል?

"ተሰጥኦ" ትሉኛላችሁ። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። በኋላ ግን ያስቀመጥኳቸውን የነጥብ ወረቀቶች አውጥቼ ተመለከትኩ። ያለፉት እነማን ናቸው? የወደቁትስ?

የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ልጆችን እንውሰድ። በዚያ ዕድሜ የፊት ጥርስ ይወልቃል። የፊት ጥርስ የሌለው ልጅ "ሰ" ሲል ነፋስ ይወጣል። "ፈ" ሲል ይጠፋበታል። እኛ "ቃል አያወጣም" ብለን ነጥብ ቀንሰናል። ቃል አያወጣም? ጥርሱ እስኪበቅል ብንጠብቀው ያወጣ ነበር እኮ!

ደግሞ ዕድሜ አለ። አንድ ክፍል ውስጥ በመስከረም የተወለደ ልጅ አለ፤ በነሐሴ የተወለደም አለ። አንድ ዓመት ሊሞላ ምንም አይቀረው በመካከላቸው። ለእኔና ለእናንተ አንድ ዓመት ምንም አይደለም። ለሰባት ዓመት ልጅ ግን የሕይወቱ አንድ ሰባተኛ ነው። ትልቁ ልጅ ረጋ ብሎ ይቆማል፤ ትንሹ ዩኒፎርሙን እያኘከ ይቆማል። እኛ "ይሄኛው በራስ መተማመን አለው" ብለን እንጽፋለን።

ከሁሉ የባሰው ግን ቤት ነው። ቤቱ ኪቦርድ ያለው ልጅ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ አስጠኚ የሚመጣለት ልጅ፣ እናቱ ስልክ ላይ ቪዲዮ ከፍታ የምታለማምደው ልጅ ያልፋል። እናቱ ከንጋት ጀምራ ጉሊት የምትውል ልጅ፣ ማታ ታናሹን ሲያስተኛ የሚያመሽ ልጅ ይወድቃል። ታዲያ እኛ ምን ለካን? ልጁን ነው ወይስ ቤቱን? ጊዜ ያለውን ወላጅ ለክተን ነው ለልጁ ውጤት የሰጠነው። ይህንን ደግሜ እላለሁ፤ ወላጁን ለክተን ነው ለልጁ ውጤት የሰጠነው።

ልጆች የእኛን ነገር ቶሎ ይማራሉ። የቴሌቪዥን የድምፅ ውድድሮችን ሁላችንም እናያለን። ፋና ላምሮት አለ፣ ባላገሩ አይዶል ነበረ። እኔም እወዳቸዋለሁ። እዚያ የሚወዳደሩት ግን ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ አስበውበት፣ ወስነው፣ ትራንስፖርት ከፍለው የመጡ ናቸው። ባለፈው ወር ግን እዚሁ ግቢ ውስጥ ምን አየሁ መሰላችሁ? የሁለተኛ ክፍል ልጆች በእረፍት ሰዓት ሦስት ሆነው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አንዱ ፊታቸው ቆሞ ይዘፍናል። ሳይጨርስ "በቃ፣ አላለፍክም!" ይሉታል። ቀጣዩ ይመጣል። እሱንም "አላለፍክም!" ይሉታል። ሁሉም ዳኛ መሆን ይፈልጋል። ዘፋኝ መሆን የሚፈልግ ጠፋ። ይህን ሳይ ደነገጥኩ።

እዚህ ላይ ትንሽ ወደ ልጅነቴ ልመልሳችሁ። ያደግሁት ደጃች ውቤ ሰፈር ነው። ነሐሴ 13 ቡሄ ሲመጣ እንደማንኛውም ሰፈር ሆያ ሆዬ እንል ነበር። አንድ አውጪ አለ። ሌላው ተቀባይ ነው። የእኛ አውጪ ድምፁ ከጊዮርጊስ ይሰማል የሚባልለት ልጅ ነበር። እኔ ተቀባይ ነበርኩ። ዱላ ይዘን መሬቱን እንደልቃለን። ከመካከላችን የሚንተባተብ ልጅ ነበር። ሲቀበል ግን አይንተባተብም። ከሌላው ጋር አንድ ላይ ሲል ቃሉ ቀጥ ብሎ ይወጣለታል። እግሩን የሚያመው ልጅም ነበር። እሱ ሳንቲሙን ይይዛል፣ ሙልሙሉን በከረጢት ይሸከማል፣ ማታ ላይ ያካፍላል። ሂሳቡ አንድም ቀን ተሳስቶ አያውቅም።

አሁን ልጠይቃችሁ። ሆያ ሆዬ ላይ ማጣሪያ የተቀመጠ ማን ነው? "አንተ ድምፅህ ሻካራ ነው፣ ቤትህ ቆይ" የተባለ ልጅ ታውቃላችሁ? እናቶች፣ እናንተስ? በእንቁጣጣሽ ዋዜማ "አበባ አየሁሽ ወይ" ስትሉ፣ ከደጅ የመለሳችኋት ጓደኛ ነበረች?

አልነበረችም። መንዙማም ብትሉ አውጪና ተቀባይ አለው። ሰንበት ትምህርት ቤትም ግቡ፣ ትንሹም ትልቁም አብሮ ያጨበጭባል። ጎበዙ ጠፍቶ አይደለም። ጎበዙ ይታወቃል፤ አውጪ እሱ ነው። የሚገርመኝ ይሄ ነው። አውጪውን ትልቅ የሚያደርገው የተቀባዩ ብዛት ነው። 20 ልጅ ሲቀበለው ነው የእኛ አውጪ ድምፅ ጊዮርጊስ የሚደርሰው።

አባባ ተስፋዬንም አስታውሱ። ነፍሳቸውን ይማር። ከ1957 ዓ.ም. ጀምረው ከ40 ዓመት በላይ በቴሌቪዥን የልጆች አባት ሆነው ኖሩ። "ጤና ይስጥልኝ ልጆች! የዛሬ አበባዎች፣ የነገ ፍሬዎች!" ሲሉ ሰፈሩ ጭጭ ይላል። ቲቪ ያለው ቤት ሁላችንም ተሰብስበን ነው የምናየው። ልጆች ይመጡና ግጥም ይላሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ቀልድ ያወራሉ። አንዳንዱ ልጅ ግማሹ ላይ ይጠፋበታል። ጥፍሩን ይበላል። እሳቸው ጎንበስ ብለው ያግዙታል፤ ይጨርሳል፤ ይጨበጨብለታል። ነጥብ የሚሰጥ ዳኛ አጠገባቸው አልነበረም።

የቅዱስ ያሬድንም ታሪክ እዚህ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። በ6ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአክሱም። ትምህርት አልገባው ብሎ በአጎቱ በጌዴዎን ተገረፈ፣ ሸሸ፣ ዛፍ ሥር አረፈ። ትሏ ዛፉን ስትወጣ፣ ስትወድቅ፣ ደግማ ስትወጣ አየ። ይህን ታሪክ የምንነግረው ሁልጊዜ ለልጆች ነው። "እንደ ትሏ ደጋግማችሁ ሞክሩ" እንላቸዋለን። እኔ ግን ዛሬ ለትልልቆቹ ልንገረው። ያሬድ ሲመለስ እኮ አጎቱ ተቀበለው። "አንተን አንዴ አይተንሃል፣ ፈተናውን ወድቀሃል" አላለውም። ያ በር ተዘግቶ ቢሆን ኖሮ ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የሚባሉት ዜማዎቹ ከየት ይመጡ ነበር? ልጆቹን "ሞክሩ" ከማለታችን በፊት በሩን ክፍት እናድርገው።

እሺ። አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ። እዚህ ላይ "ማጣሪያ ይኑር" ያላችሁ ወላጆች በደንብ ስሙኝ። እናንተ ያላችሁት ነገር ውስጥ እውነት አለ። እኔ በደረቴ የተቀበልኩት እውነት ነው።

በ2002 ዓ.ም. "ከእንግዲህ ማጣሪያ የለም!" አልኩ። ርዕሰ መምህሩን ለመንኩ፣ ፈቀዱልኝ። 140 ልጆች ተመዘገቡ። እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ደቂቃ። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀመርን።

ምን ሆነ? ወላጅ የራሱ ልጅ ሲያበቃ ልጁን ይዞ ይወጣል። 6 ሰዓት ላይ አዳራሹ መሳሳት ጀመረ። 7 ሰዓት ላይ መብራት ጠፋ። ሞንታርቦው ዝም አለ። በባዶ ድምፅ ቀጠልን። ትንንሾቹ ተራቸውን ሲጠብቁ ራባቸው፣ አለቀሱ፣ እንቅልፍ ወሰዳቸው። ሲያልቅ 10 ሰዓት አልፎ ነበር። የመጨረሻው ልጅ የአራተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ግጥሙን አንድም ቃል ሳይስት አቀረበ። ያቀረበው ለወንበር ነው። እኔ፣ የጥበቃው አባት እና የልጁ አያት ነበርን ያጨበጨብነው።

ያን ልጅ በማጣሪያ ባስወጣው ይሻለው ነበር? አይመስለኝም። ግን ያደረግሁለትም ነገር ክብር አልነበረውም። መድረክ ሰጥቼው ሰሚ አልሰጠሁትም። ልጅን መድረክ ላይ ማውጣት ብቻውን ማካተት አይደለም። የሚሰማው ሰው ያስፈልገዋል። ተዘጋጅቶ መውጣት ያስፈልገዋል።

በዚያው ዓመት አንዲት እናት ቢሮዬ መጣች። ልጇ አምስተኛ ክፍል ነው፤ ዋሽንት ይነፋል። "ቲቸር፣ ልጄ በየቀኑ ይለማመዳል። ከንፈሩ እስኪላጥ ይለማመዳል። ትናንት ማታ ስልክ ላይ አይቶ ከመጣው ልጅ እኩል ሦስት ደቂቃ ተሰጠው። ይህ ለልጄ ፍትህ ነው?" አለችኝ።

መልስ አጣሁ። እውነቷን ነበር። የለፋን ልጅ ካልለፋ ጋር አንድ ላይ ጠቅልለን "ሁላችሁም ጎበዝ ናችሁ" ስንል፣ ልጆች ያውቁብናል። ልጅ ሞኝ አይደለም። የውሸት ጭብጨባ ከእውነተኛው ይለያል።

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ስህተት አውቃለሁ። ሁለቱንም ሠርቻቸዋለሁ። አንዱ በሩን ዘጋሁ። ሌላው በሩን ከፍቼ ውስጡን አላሰናዳሁም።

በሚቀጥለው ዓመት ግን ሌላ ነገር ሞከርን። ይህ ነው ሦስተኛው ነጥቤ፤ ለዘንድሮም የማቀርበው ሐሳብ ይኸው ነው።

ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ዘንድሮ 312 ተማሪዎች አሉን። እያንዳንዱ ሦስት ደቂቃ ቢሰጠው 936 ደቂቃ ነው። ይህ 15 ሰዓት ከ36 ደቂቃ ነው። ማንም አይቀመጥም፤ እኔም አልቀመጥም። ስለዚህ በነጠላ አናስገባቸው። ስምንት ክፍሎች አሉን። ለእያንዳንዱ ክፍል 12 ደቂቃ ብንሰጥ 96 ደቂቃ ነው። መድረክ መሪዎቹ ልጆች፣ የርዕሰ መምህሯ ንግግርና ሽልማቱ ተጨምሮ በሁለት ሰዓት ያልቃል። ወላጅም መሐል ላይ አይወጣም። ሁሉም ልጅ ከክፍሉ ጋር ነው፤ ቀድሞ የጨረሰ ክፍልም ቢሆን የመጨረሻውን የሁሉም መዝሙር አብሮ ስለሚዘምር ይጠብቃል።

በ12 ደቂቃው ውስጥ ምን ይቀርባል? ክፍሉ ይወስን። አጭር ድራማ፣ ሕብረ ዝማሬ፣ እስክስታ፣ ተረት፣ የምልክት ቋንቋ መዝሙር። መምህር ያግዛል እንጂ አይወስንም። ደግሞ ትምህርቱም ይህንኑ ይላል። በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ክወናና ዕይታ ጥበባት እንደ አንድ ትምህርት ገብቷል። ለ12 ልጅ ብቻ አይደለም የገባው። ሒሳብ የሚከብደውን ልጅ ከሒሳብ ክፍለ ጊዜ አናስወጣውም። ታዲያ መዝሙር የከበደውን ከመዝሙር የምናስወጣው በምን አንጀታችን ነው?

ማጣሪያ ይቀራል ማለቴ ግን አይደለም። ይህን ልብ በሉልኝ። ማጣሪያው የልጁን ቦታ ይምረጥ። ማን መሪ ድምፅ ይሁን? ማን ከበሮ ይምታ? ማን ተራኪ ይሁን? ይህን ለመወሰን ልጆቹን መስማት አለብን፤ በደንብ መስማት አለብን። ልጁ ሲሰማ የሚያገኘው መልስ ግን "የት ትቆማለህ" የሚል ይሁን። "ትገባለህ ወይስ ትወጣለህ" የሚል አይሁን።

የመግቢያው ዋጋ አንድ ነው፤ ልምምድ። ከሰኞ እስከ ሐሙስ ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 10 ሰዓት ከሩብ። ልምምድ የመጣ ልጅ መድረክ ይወጣል። ያልመጣን ልጅ ለምን እንዳልመጣ ጠይቀን ነው የምንወስነው። ምናልባት ታናሽ እህቱን ከሙአለ ሕፃናት የሚያመጣው እሱ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ እህቱንም ይዞ ይምጣ። ጥግ ላይ ትቀመጣለች።

ያ ዋሽንት የሚነፋው ልጅስ ምን ሆነ? ክፍሉ ሕብረ ዝማሬ መረጠ። እሱ ከሥር ይነፋል። መሐል ላይ 38 ልጆች ዝም ይላሉ፤ እሱ ብቻውን ሁለት ደቂቃ ይነፋል። ከዚያ ሁሉም ተመልሶ ይገባል። ልጆች ዝም ሲሉ አይታችሁ ታውቃላችሁ? 38 ልጆች፣ ሁለት ደቂቃ ሙሉ? ዝም አሉ። ለምን ዝም አሉ? ሦስት ሳምንት ሲለማመድ አጠገቡ ነበሩ። የት ጋ እንደሚከብደው ያውቃሉ። ያችን ከባድ ቦታ ሲያልፋት እነሱ ናቸው ቀድመው ፈገግ ያሉት። እናቱ ከኋላ ቆማ አየች። ሲያልቅ መጥታ ምንም ሳትል ጨብጣኝ ሄደች።

መጋረጃና ድምፅ የሚይዙ ልጆችም አሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። "አንተ መዝፈን አትችልም፣ መጋረጃ ጎትት" ካልን፣ ያው ማጣሪያ በሌላ ስም ነው። መጋረጃውን ልጁ ራሱ ይምረጠው። ሰው ፊት የማይናገር አንድ ልጅ ነበረኝ። ስሙን ስትጠይቁት እንኳ ወደ መሬት ያያል። "እኔ መጋረጃውን" አለኝ። ገመዱን ይዞ፣ እያንዳንዱ ክፍል መቼ እንደሚጨርስ በቃሉ አጥንቶ፣ አንድም ጊዜ ሳይሳሳት ጎተተ። እሱ ራሱ ስለመረጠው ነበር ሥራው ያማረው።

ብቻውን ማቅረብ የሚፈልግ ልጅስ? ለዚህ ሰኔን አንጠብቅ። በየጠዋቱ ሰልፍ ላይ ሚኒ ሚዲያ አለን። ማይክ አለ፤ የሚሰማ ትምህርት ቤት ሙሉ ልጅ አለ። በሚቀጥለው ዓመት በቀን ሁለት ልጆች፣ ለእያንዳንዳቸው ሁለት ደቂቃ ብንሰጥ በወር 40 ይሆናሉ። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ስምንት ወር ነው። 320 ልጅ! ያለን 312 ነው። ሁሉም ልጅ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻውን ማይክ ይዞ ይቆማል። ደግሞ ሁለት ደቂቃ ስለሆነ ቢጠፋበትም አያፍርም፤ ነገ ሌላ ሰው ነው።

ውድድር የምትወዱ ወላጆች፣ ውድድር የትም አይሄድም። ልጆቹ ያድጋሉ። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የመግቢያ ፈተና አለው፤ ሊኖረውም ይገባል። ሙያ ነው። እዚያ የሚሄደው ወጣት ፈልጎ፣ ተዘጋጅቶ ነው የሚሄደው። እኔ የምለው ለሰባት ዓመት ልጅ ቀድመን አንፍረድበት ነው። ኖርዌይ የምትባለውን አገር ተመልከቱ። ሕዝቧ ከ6 ሚሊዮን ያነሰ ነው። የልጆች ስፖርት ደንባቸው ትንንሽ ልጆችን በደረጃ ሰንጠረዥ መደርደር ይከለክላል፤ ልጁ 11 ዓመት እስኪሞላው ይጠብቃሉ። የአገር አቀፍ ሻምፒዮናም ከ13 ዓመት በፊት የለም። ታዲያ ሰነፉ? በ2022 እ.ኤ.አ. በቤጂንጉ የክረምት ኦሊምፒክ 16 ወርቅ ወስደው አንደኛ ወጡ። ጎበዙን አላጡትም። እንዲያውም ብዙ ልጅ አቆይተው ነው ከብዙ ውስጥ ያገኙት።

አሁን ስለ ልብስ አንድ ነገር ልበልና ልጨርስ። እባካችሁ! ዘንድሮ የልብስ ኪራይ አይኑር። አምና አንዳንዶቻችሁ ለአንድ ቀን ልብስ ተበድራችሁ እንደከፈላችሁ አውቃለሁ። ነግራችሁኛል። ልጁ "ልብስ ስለሌለኝ አልገባም" ብሎ ሲቀር እኛ ሳናውቀው ማጣሪያ አደረግን ማለት ነው። ዩኒፎርም ይለብሳሉ። ነጠላ ወይም ሻሽ የሚፈልግ ክፍል ከየቤቱ ያምጣ፤ የሌለው ከጓደኛው ይዋስ። ልብስ ስፌት የምትችሉ እናቶች ሦስት ብትሆኑ ይበቃናል። መውጫው ላይ ወረቀት አለ፣ ስማችሁን ጻፉልኝ። ጀነሬተር የሚያውሰን ሰው ካለም እፈልጋለሁ። መብራት እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

ስልክ ይዛችሁ የምትመጡም፣ ቅረጹ፤ ግን ተቀምጣችሁ ቅረጹ። የእናንተ ልጅ ሲያልቅ ስልኩን አስቀምጡና ለሌላው ልጅ አጨብጭቡ። እሱም እናንተን ነው የሚያየው።

የክፍል ተጠሪ መምህራን ከልጆቹ ጋር ተነጋግራችሁ፣ ማን ምን መሥራት እንደሚፈልግ እስከ ዓርብ አስረክቡኝ። እኔ እጽፈዋለሁ። በሚቀጥለው ሰኞ ጠዋት ከሰልፍ በፊት ዝርዝሩ በሩ አጠገብ ያለው ሰሌዳ ላይ ይለጠፋል። ረጅም ነው፤ 312 ስም አለው። ከእያንዳንዱ ስም ጎን ሥራው ተጽፏል። ለትንንሾቹ እንዲደርስላቸው ዝቅ አድርጌ ነው የምለጥፈው። ያን ቀን ልጆቻችሁን አሥር ደቂቃ ቀደም አድርጋችሁ አምጧቸው። እናንተ አታሳዩዋቸው። ስማቸውን በጣታቸው እየተከተሉ ራሳቸው ይፈልጉት።

አመሰግናለሁ። ማይኩ ይኸው፣ ጥያቄ ያለው እጁን ያውጣ።